ሂሩት የሚለው ስም አርጅቷል እንዴ? ትርጉሙንና ምንጩን የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ

አባወራ ከሜሪላንድ

ሰላም ለዚህ ቤት። ባለቤቴ 8ኛ ወሯን ይዛለች። ሴት ልጅ ናት ብለውናል። አልጋው ተገዝቷል፣ ልብሱ ታጥፎ ተቀምጧል፣ ስሙ ብቻ ቀረ። እኔ ሂሩት ልላት ነው የምፈልገው። የእናቴ ስም ነው።

ባለቤቴ ስሙን አትጠላውም። እናቴንም ትወዳታለች፤ ከእኔ ይልቅ እሷ ናት ቶሎ ቶሎ የምትደውልላት። ግን «የትልቅ ሰው ስም ነው» ትላለች። «እኔ የማውቃቸው ሂሩቶች በሙሉ እትዬ ሂሩት ናቸው። ሕፃን ልጅ ሂሩት ስትባል ሰምቼ አላውቅም።» እዚህ ያሉት የጓደኞቻችን ልጆች ሶልያና፣ ሄራን፣ ኤልዳና ነው የሚባሉት። ልጃችን ከእነሱ መሃል ለብቻዋ እንዳትሆን ፈርታለች። እናቴ ራሷ ደግሞ በስልክ «ተው ልጄ፣ ያረጀ ስም አታሸክማት» አለችኝ።

ለምን እንደፈለግኩት ልንገራችሁ። የልጄ ስም ሲጻፍ ከኋላው የእኔ ይመጣል፣ ከእኔ ኋላ የአባቴ። ዘርህን ቁጠር ብባል እስከ 7 ቤት አባቶቼን ሳልደናቀፍ እቆጥራለሁ። አጎቴ እያስቆጠረ ነው ያሳደገኝ። የአያቴ እናት ማን እንደሚባሉ ግን አላውቅም። ማንም አላስቆጠረኝም። የስም አጠራራችን አባቶችን ይዞ ይሄዳል፣ እናቶችን በየመንገዱ እየተወ። አባቴ የሞተው እኔ ገና የ6 ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። እኔንና እህቶቼን ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ ልብስ ፋብሪካ እየሠራች ያሳደገችን እናቴ ናት። ግን በእኛ ወግ ከሄድን ከልጅ ልጆቿ ኋላ ስሟ የትም አይኖርም። ይህ ነገር ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ይነሳኛል።

ትርጉሙ ደግነት እንደሆነ አውቃለሁ። ከዚያ በላይ ምንም። ከየት መጣ? ሩት ከሚለው ጋር ይገናኛል? አሁንስ ልጁን ሂሩት የሚል ሰው አለ?

ጠይሟ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። እናትህን አስበህ ከመጣልህ መልአኩ ነግሮሃል ማለት ነው። ሂሩት በላት።

ቅኔ ቤት

ልጄ፣ በሰላም ያገላግልላችሁ። ስሙ ግእዝ ነው። ኄር ማለት ደግ፣ ቸር፣ በጎ ማለት ነው። ከዚያ ኂሩት ይወጣል፤ ደግነት፣ ቸርነት፣ በጎነት።

ቃሉን ሳታስተውለው ስትሰማው ነው ያደግኸው። የዐቢይ ጾም 6ኛው እሑድ ገብር ኄር ይባላል። ማቴዎስ 25 ላይ 5 መክሊት ተቀብሎ ሌላ 5 ያተረፈውን አገልጋይ ጌታው «አንተ በጎ፥ ታማኝ ባሪያ» ይለዋል። በግእዙ ያ ሰው ገብር ኄር ነው። ዳዊት የደገመ ሰው ደግሞ «ግነዩ ለእግዚአብሔር እስመ ኄር፤ እስመ ለዓለም ምሕረቱ» የሚለውን በቃሉ ይዞታል። እግዚአብሔርን አመስግኑ፣ ቸር ነውና ማለት ነው። እናትህ የተጠሩት በዚህ ቃል ነው። ትንሽ ስም አይደለም።

አጻጻፉን ላንሣ፤ እኔን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ብዙ ሰው በሃሌታው ሀ፣ ሂሩት ብሎ ይጽፋል። አንዳንዱ በሐመሩ ሐ፣ ሒሩት ይላል። ሥሩን የሚጠብቀው በብዙኃኑ ኀ የተጻፈው ነው፤ ኂሩት። አማርኛ ላይ ሦስቱ ሆሄያት በድምፅ አንድ ስለሆኑ ጆሮ አይለያቸውም። በግእዝ ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቤት ነበራቸው። መዝገበ ቃላት ከፍተህ በሌሎቹ ሥር ብትፈልገው አታገኘውም።

ሩት ሌላ ስም ነው። የዕብራይስጥ ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱስ የሞዓባዊቷ ሴት ስም። ከኂሩት ጋር በድምፅ ይገጥማል እንጂ ዝምድና የላቸውም።

አንድ ነገር ደግሞ አስተውል። ቸርነት የሚባል ወንድ ታውቃለህ አይደል? ቸርነትና ኂሩት ትርጉማቸው አንድ ነው። ሕዝባችን አማርኛውን ለወንድ፣ ግእዙን ለሴት ሰጠው። እኔ ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

እናትህ መቼ እንደተወለዱ፣ ስሙንም ማን እንዳወጣላቸው ጠይቃቸው። ድሮ ቤተ ክህነት የቀመሰ ሰው ለልጁ ስም ሲያወጣ ከዕለቱ ተነሥቶ ነበር።

ጥላዬ

የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። ሂሩት የኅሩይ ሴቷ ናት፣ «የተመረጠች» ማለት ነው ሲሉኝ ነው የኖሩት። በየስም ዝርዝሩም እንደዚያ ተጽፎ አይቻለሁ።

ቅኔ ቤት

ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ይሳሳታል። ኅሩይ የመጣው ኀረየ ከሚለው ግስ ነው፤ መረጠ ማለት ነው። ክቡር ብለህ ክብርት፣ ቅዱስ ብለህ ቅድስት እንደምትለው፣ ኅሩይ ብለህ ኅሪት ነው የምትለው። የተመረጠች ማለት ኅሪት ናት። ኂሩት ግን ከኄር ነው። ሁለቱም በብዙኃኑ ኀ ስለሚጀምሩ ዘመድ ይመስላሉ።

ጥላዬ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ የኔታ። የእህቴ ልጅ ኅሪት ናት፤ ሁለቱን አንድ ስም አድርጌ ነበር የኖርኩት።

የደሴዋ

እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ግን ይህን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኛ ነገር ሲመጣ «ኸይር ነው» እንላለን። ኸይር ማለት በጎ ነገር ማለት ነው። አክስቴ ኸይሪያ ትባላለች። ግቢያችን ውስጥ ከእሷ ጋር 30 ዓመት ቡና የተጣጡት ጎረቤታችን እትዬ ሂሩት ናቸው። አንዷ ስትታመም ሌላዋ ናት ሾርባ ይዛ የምትገባው። የኔታ፣ ኄርና ኸይር አንድ ይሆኑ እንዴ?

ቅኔ ቤት

አዎ ልጄ፣ አንድ ናቸው። ብዙኃኑ ኀ ጥንት ከጉሮሮ የሚወጣ፣ ወደ ኸ የተጠጋ ድምፅ ነበረው። ግእዝና ዐረብኛ የአንድ ቤተሰብ ቋንቋዎች ናቸው። በግእዝ ኄር የተባለው በዐረብኛ ኸይር ነው። እንግዲህ አክስትሽና ጎረቤታችሁ ሞክሼ ናቸው ማለት ነው።

የደሴዋ

አሁን ደውዬ ነገርኳት። «እኔማ ድሮም እህቴ ናት ብያለሁ» አለች። እንባዬ መጣ።

እህታችሁ ከነታኒያ

እኔ ሂሩት ነኝ፤ እስራኤል ነው የምኖረው። የእኔ ታሪክ ትንሽ ለየት ስለሚል ልጻፈው።

የመጣነው በዘመቻ ሰሎሞን ነው፣ ግንቦት 1983። 9 ዓመቴ ነበር። አውሮፕላኑ ውስጥ ወንበር አልነበረም፤ ወለሉ ላይ ተጠጋግተን ተቀምጠን ነው የመጣነው። እዚህ ትምህርት ቤት ስንገባ ብዙዎቻችን የዕብራይስጥ ስም ተሰጠን። ማንም አልጠየቀንም። ታላቅ እህቴ የኔነሽ ነበረች፤ በአንድ ጠዋት ያኤል ሆነች። ታናሽ እህቴ ብርቱካን፣ አያሌት። እናታችን ማታ ስማቸውን ስትጠራ ሁለቱም ዝም ይሏት ነበር፤ የትኛው ስም የእነሱ እንደሆነ ግራ ገብቷቸው ነው።

የእኔ ተራ ሲደርስ አስተማሪዋ «ስምሽ ማነው?» አለች። «ሂሩት» አልኩ። ፊቷ በራ። «ይህማ የእኛ ስም ነው!» አለች። በዕብራይስጥ ሔሩት ማለት ነፃነት ነው። የፋሲካ በዓል ራሱ «የነፃነታችን ጊዜ» ተብሎ ሲጠራ በዚሁ ቃል ነው። ሜናኸም ቤጊን በ1948 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ፓርቲም ሔሩት ይባል ነበር። ስለዚህ እኔን ሳይነኩኝ ቀሩ። ከሦስታችን ስሟን ይዛ ያደገችው እኔ ብቻ ነኝ።

ለዓመታት አንድ ቃል ነው ብዬ አምን ነበር። ኋላ ነው እንዳልሆነ ያወቅኩት። የዕብራይስጡ ሔሩት የሚዛመደው ከግእዙ ሐራ ጋር ነው፤ ነፃ ሰው ማለት ነው። በአማርኛ አርነት የምንለው ቃል ከዚያ ነው የመጣው፤ «እውነትም አርነት ያወጣችኋል» የሚለው። በትግርኛ ሓርነት ይሉታል፤ እዚያ ሐው ተጠብቆ ቀርቷል። የእኔ ስም ግን የኔታ እንዳሉት ደግነት ነው። ሁለቱ መንገድ ላይ የተገናኙ እንግዶች ናቸው።

እናቴ ደግነት ብላ ጠራችኝ፣ ይህ አገር ነፃነት ብሎ ሰማኝ። ሁለቱንም ይዣለሁ። ወንድሜ፣ ስሙን ስጣት። እህቶቼ ዛሬም መታወቂያቸው ላይ የተሰጣቸው ስም ነው ያለው። ያኤል ልጇን የኔነሽ አለቻት። የአንተን ጽሑፍ ሳነብ እሷን ነው ያስታወስከኝ።

አባወራ ከሜሪላንድ

እህቴ፣ ይህን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። መጨረሻው ላይ ድምፄ ተቆረጠ። እግዜር ይስጥልኝ።

ሞዛርት ፒያሳ

እኔ የሙዚቃ ሰው ነኝ፤ ሂሩት ሲባል መጀመሪያ ጆሮዬ ላይ የምትመጣው ሂሩት በቀለ ናት። ከፖሊስ ኦርኬስትራ ጋር ስንት ዓመት የዘፈነች፣ ኋላ ደግሞ ወደ መዝሙር የዞረች። በ2015 ነው ያረፈችው። ከመጀመሪያዎቹ የአገራችን ረጃጅም ፊልሞች አንዱም «ሂሩት አባቷ ማነው?» ነው። በ1950ዎቹ ለፊልም ባለታሪክ የተመረጠው ስም ይህ መሆኑ ያኔ ምን ያህል የከተማ፣ የዘመናዊ ሴት ስም እንደነበር ያሳያል። ዛሬ የአያት ስም የምንለው ያኔ የወጣት ስም ነበር።

ልዕልት ሂሩት ደስታም አሉ፣ የራስ ደስታ ዳምጠውና የልዕልት ተናኘወርቅ ልጅ። በደርግ ዘመን ከእናታቸውና ከእህቶቻቸው ጋር ለብዙ ዓመታት የታሰሩት። በውጭ አገር ልዕልት ሩት ነበር የሚባሉት። ስለዚህ ልጅህን እዚያ ትምህርት ቤት ሩት ቢሏት አዲስ ነገር አይደለም።

ባለቤትህ ወጣት ሂሩት የለችም ካለች ደግሞ ሂሩት መሸሻን አሳያት። በ2022 እ.ኤ.አ. ቤልግሬድ ላይ በቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና 1500 ሜትር 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ የወጡት የእኛው ልጆች ነበሩ፤ ነሐሱ የሂሩት ነው።

ሂሩት የአዲስ አበባዋ

34 ዓመቴ ነው፤ አሮጊት አይደለሁም! ቤት ውስጥ ሂሩዬ ነኝ፣ ጓደኞቼ ሂሩ ይሉኛል። ልጅ ሳለሁ በክፍላችን ሦስት ትዕግስት፣ አራት ሕይወት ነበሩ፤ ሂሩት እኔ ብቻ። አስተማሪ ሲጠራ የምን ሂሩት፣ የማን ልጅ ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ይህ ራሱ ደስ ይላል።

ግን አንድ ነገር ስማኝ፤ የደረሰብኝ ነው። መታወቂያዬ በሃሌታው ሀ ነው። የ8ኛ ክፍል ካርዴ በሐመሩ። በላቲን ፊደል ደግሞ ፓስፖርቴ ላይ ከኤች ቀጥሎ አይ አለ፣ ዲግሪዬ ላይ ኢ። ለውጭ ትምህርት ሳመለክት ሁለቱ ሰዎች አንድ መሆናቸውን ማስረዳት ነበረብኝ። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው 3 ወር ተመላለስኩ። አንድ ጸሐፊ «ስምሽን አስተካክለሽ ነይ» አለችኝ፤ እኔ የጻፍኩት ይመስል። ስለዚህ የመጀመሪያው ወረቀት ላይ አንዴ ወስናችሁ ጻፉት። በአማርኛም በላቲንም። ከዚያ በኋላ ማንም እንዲነካው አትፍቀዱ።

ምንትዋብ

እኔ ግን ከባለቤትህ ጋር ነኝ። ልጅ የራሷ ስም ይገባታል። በአያቷ ስም የምትጠራ ልጅ ሁልጊዜ ከአያቷ ጋር ትለካለች። እኔ የሟች አክስቴን ስም ነው የያዝኩት፣ እዚህ የምጠራበት የራሴ ምርጫ ነው። በቤታችን ስሜ በተጠራ ቁጥር አንድ ሰው ያለቅሳል። እናትህ በሕይወት ስላሉ ይህ አይደርስ ይሆናል፤ ግን አስብበት። ደግሞ የወለደችው እሷ ናት፣ እሷም ድምፅ አላት።

አባወራ ከሜሪላንድ

ልክ ነሽ እህቴ። ካልተስማማች አላደርገውም። ተከራክሬ ልረታት አይደለም የጻፍኩት።

የሄራን እናት

በዝምታ ሳነብ ነበር። ልጄ ሄራን ናት፣ 5 ዓመቷ። ስሙን የመረጥኩት ደጋጎች ማለት ነው ስላሉኝ ነው። አሁን የኔታን ሳነብ ግን ደነገጥኩ። ኄር፣ ኂሩት... ኄራን! አንድ ናቸው?

ቅኔ ቤት

አንድ ናቸው። ኄር አንዱ ደግ፣ ኄራን ብዙዎቹ ደጋጎች። እንግዲህ ስሙ አርጅቷል የምትሉት ልብስ ቀይሮ በመካከላችሁ ሲሮጥ ነው የሚውለው።

የሄራን እናት

እኛ ሰፈር ብቻ 4 ሄራን አለ። እናቶቻቸው ሂሩት የሚለውን ስም አርጅቷል የሚሉ ናቸው፤ እኔንም ጨምሮ። ወንድሜ፣ ይህን ለባለቤትህ ንገርልኝ። የልጅሽ ስም ለጓደኞቿ ስም እናቱ ነው በላት።

አባወራ ከሜሪላንድ

ባለቤቴ የመጨረሻዎቹን መልሶች ራሷ ስልኩን ተቀብላኝ አነበበች። ሁለት ጊዜ። ከዚያ ምንም ሳትል ሄደች። ማታ እራት ላይ «ሂሩዬ ብሎ መጥራት ግን ደስ ይላል» አለች። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ነው የሚሻለው ብዬ።

ጠይሟ

አለቀ! እንኳን ደስ አለህ።

አስመሪና

በእኛም ከተማ ሂሩት ብዙ ነው፣ የሁለት አክስቶቼ ስም ነው። ስትወለድ ንገረን።

አባወራ ከሜሪላንድ

ከ5 ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ወለደች። ማክሰኞ ሌሊት፣ 3 ኪሎ ከ200። ሁለቱም ደህና ናቸው። ጸጉሯ እስከ ግንባሯ ነው።

የኔታ፣ የነገሩኝን አድርጌ ነበር፤ ሳልጽፈው ቀረሁ። ለእናቴ ደወልኩና «ስምሽን ማን አወጣልሽ?» አልኳት። 42 ዓመቴ ነው፤ ይህን ጠይቄያት አላውቅም። እሷም ማንም ጠይቋት አያውቅም። አባቷ እንዳወጡላት ነገረችኝ። አያቴ ገበሬ ናቸው ብዬ ነው የማውቀው፤ ለካ በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ነበር፣ ወንድማቸው ሲሞት እርሻውን የሚይዝ ጠፍቶ ነው አቋርጠው የተመለሱት። እናቴ የተወለደችው መጋቢት 1949፣ እሑድ ጠዋት ነው። አያቴ ከቅዳሴ ሲመለሱ ደጃፉ ላይ ዕልልታውን ሰሙ። ሦስት ጊዜ ስለነበር ሴት መሆኗን አወቁ። ገብር ኄር ነበር ዕለቱ። «እንግዲያስ ኂሩት ትባል» አሉ። በዚያው ጸና።

ከዚያ «ስምሽን በወረቀት ጻፊና ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ» አልኳት። የትኛውን ፊደል ልጠቀም ብዬ ነው፤ መታወቂያዋ ላይ በሃሌታው ሀ ነው ያለው። ፎቶውን እህቴ አንሥታ ላከችልኝ። ከደብተር የተቀደደ ወረቀት፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ፊደሉ ትልልቅ። በብዙኃኑ ኀ ነው የጻፈችው። «ኂሩት»። «መታወቂያሽ ላይ እንዲህ አይደለምኮ» አልኳት። «እሱ እነሱ የጻፉት ነው። አባቴ ያስጻፈኝ ይሄ ነው» አለችኝ።

ሆስፒታል ቅጹን ሲሰጡን በላቲን ኤች፣ አይ፣ አር፣ ዩ፣ ቲ ብለን አንዴ ሞላነው። የአዲስ አበባዋ ሂሩት፣ ምክርሽን ሰምተናል። ባለቤቴ ናት የጻፈችው፤ እኔ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የእናቴን ወረቀት በፍሬም አድርገን ከአልጋዋ በላይ ሰቅለነዋል። 80 ቀኗ ሲደርስ ክርስትና እናስነሣታለን፤ እናቴም ቪዛው ከተሳካ ትመጣለች።

ቅኔ ቤት

እንኳን ማርያም ማረቻት። ኂሩት ብላችሁ ስለጻፋችሁ አባትየው በመቃብራቸው ደስ ይላቸዋል። ያቋረጡትን ትምህርት ቢያንስ አንዲት ፊደል አስቀጠላችሁላቸው።

የደሴዋ

እንኳን ማርያም ማረቻት! አክስቴ ኸይሪያ ሞክሼዬን ሳሙልኝ ብላለች።